ኮይሉ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት፦ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ኮይል ጥገና በገዛ እጅ

ማሽኑ ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ባወዛወዛችሁት ቁጥር ይጮኻል። ስትቆፍሩ ምንም የለም። ቦታ ብትቀይሩም ያው ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው አንዴ አየት ያደርግና «ኮይሉ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል።

አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። የተበላሸው ኮይሉን የያዘው ነገር ነው። ብሎኑ ላልቷል፣ ጆሮው ተሰንጥቋል፣ ከታች ያለው ሽፋን አሸዋ ይዟል፣ ወይም ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። እነዚህን ሁሉ ካቻቢቴ የያዘና ትዕግስት ያለው ሰው ራሱ ሊጠግናቸው ይችላል። ከኩርሙክ ወይም ከሻኪሶ አዲስ ኮይል ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ቀላል ወጪ አይደለም። የሥራ ቀኑም ይባክናል። ስለዚህ ይህን መመሪያ በዝርዝር ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ስም እንስማማ። ከታች ያለው ክብ ወይም ሞላላ ሳህን መሰል ነገር ኮይሉ ነው። በላዩ የቆሙት ሁለት ጉጦች ጆሮዎቹ ናቸው። በጆሮዎቹ መሀል የሚገባው ዘንግ፣ የሚያያይዛቸው ደግሞ የፕላስቲክ ብሎንና ዳዶ ነው። ከኮይሉ ሥር የሚለበሰውን ፕላስቲክ ሽፋን እለዋለሁ። ገመዱ ከኮይሉ ተነስቶ ዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ ሳጥኑ ላይ በሶኬት ይሰካል።

ውስጡን አትክፈቱ

ኮይሉ ውስጥ ያለው የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ መሬት ውስጥ ያለ ብረት ወይም ወርቅ ሲያገኝ በዚያ ነገር ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ያስነሳል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን ነው።

ቪኤልኤፍ በሚባሉት ማሽኖች ኮይሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥምጥም አለ። አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ሁለቱ የሚቀመጡት ተቀባዩ የላኪውን ድምፅ እንዳይሰማ ተደርጎ፣ በጣም ተመዝኖ ነው። ከዚያ በኋላ በሙጫ ይደፈናሉ። ጥምጥሙ ለዓይን በማይታይ መጠን ቢንሸራተት ሚዛኑ ይፈርሳል። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት ማሽኖች ብዙ ጊዜ አንድ ጥምጥም ብቻ ያለው ኮይል ይቀበላሉ። እሱ ትንሽ ይቻላል፤ ግን እሱም በሙጫ የተደፈነ ስለሆነ ሳይጎዳ አይከፈትም። እንደ ኤክስፒ ዲየስ ያሉት ገመድ አልባዎች ደግሞ ኮይሉ ውስጥ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ አላቸው።

ስለዚህ እዚህ የምንነካው ከውጭ ያለውን ብቻ ነው።

ሌላው ሕግ፦ ኮይሉ አጠገብ ምንም ዓይነት ብረት አይገባም። ብሎን፣ ሽቦ፣ ምስማር፣ ራንዴላ፣ ምንም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ፣ ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱን ሰውነቱ ውስጥ ለማግኘት የብረት መፈለጊያ ይዞ ሄዶ ነበር። አልተሳካለትም። ቤል በኋላ እንደደረሰበት በሽተኛው የተኛበት ፍራሽ ውስጥ የብረት ሽቦ ነበር። መሣሪያው ፍራሹን እየሰማ ጥይቱን ሊለይ አልቻለም። ጆሮ ላይ የብረት ብሎን ያስገባ ሰውም እንዲሁ ይሆናል። ከአንድ ግራም በታች የሆነች ቅንጣት የሚሰማ ማሽን፣ ራሱ ላይ የተቸነከረበትን ብሎን እንዴት አይሰማ?

ችግሩ የት ነው?

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በቅደም ተከተል ሞክሩ። ከሰው፣ ከመኪናና ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ ብላችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ሥሩት።

1. ማሽኑን ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ወይም ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አቋርጦ አስተኙት። ኮይሉ አየር ላይ ይንጠልጠል። አብሩትና ምንም ሳትነኩ አዳምጡ። ሳይነካ የሚጮኽ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ፣ ከዚያ ሶኬቱን።

2. ጸጥ ካለ ኮይሉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ሲነካ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ሽፋኑ ውስጥ ቆሻሻ አለ፣ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም ከውስጥ ጥምጥሙ ከሙጫው ለቋል።

3. አሁን ኮይሉን ሳታንቀሳቅሱ ገመዱን ብቻ ወዝውዙ። ከሳጥኑ ጀምራችሁ በእጃችሁ አንድ ስንዝር አንድ ስንዝር እያላችሁ ውረዱ። የሚጮኽበትን ቦታ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት።

4. መጨረሻ ላይ ኮይሉን ጆሮው ላይ ወደፊትና ወደኋላ አጠፍ አድርጉት። እዚህ ሲጮኽ ጥፋቱ ገመዱ ከኮይሉ የሚወጣበት አንገት ላይ ነው። በጣም የተለመደ ነው።

የጓደኛ ኮይል በትውስት ከተገኘ ደግሞ እሱን ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ግን ለማሽናችሁ የተሠራ መሆን አለበት። ኮይል ስትነቅሉና ስትሰኩ ሁሌም ማሽኑ ይጥፋ። በተለይ ፐልስ ኢንዳክሽን ማሽን ኮይሉ ላይ በየቅጽበቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚነሳ፣ በርቶ እያለ ሶኬቱን መንካት ለእናንተም ለማሽኑም አይሆንም።

ሽፋኑና ጥቁሩ አሸዋ

ይህ ነፃ ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይሠራ። ሽፋኑን አውልቁ። ውስጡ ላይ ጥቁር፣ ከበድ ያለ አሸዋ ታገኛላችሁ። ማግኔት አስጠጉት፤ ዘሎ ይጣበቃል። ይህ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ነው። ወርቅ ባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ፣ በሳህን ስታጥቡ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያው ጥቁር አሸዋ ነው። ሽፋኑና ኮይሉ መሀል ገብቶ ሲንቀሳቀስ ማሽኑ ይጮኻል።

ሁለቱንም በውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ መልሱ። ሥራ በበዛበት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ቢታጠብ ጥሩ ነው። ኮይሉ ውሃ የሚቋቋም ቢሆንም ሳጥኑ ብዙ ጊዜ አይቋቋምም። ስለዚህ መጀመሪያ ነቅላችሁ እጠቡ።

ሽፋኑ ከሥሩ ተበልቶ ከተቀደደ ከቢጫ ጀሪካን አዲስ መሥራት ይቻላል። የጀሪካኑን ሰፊና ለጥ ያለ ጎን ቁረጡ። ኮይሉን አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ፤ 1 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ በመቀስ ቁረጡት። የጀሪካን ፕላስቲክ በማጣበቂያ አይያያዝም፤ ምንም ብትቀቡት ይለቃል። ጠርዙ ላይ በየ4 ጣት ቀዳዳ አውጡና በናይሎን ክር ከላይ ወደ መሀል እየሳባችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በናስትሮ ሸፍኑ፤ አሸዋ የሚገባው በዚያ ነው። መልኩ አያምርም፤ ግን ድንጋዩን ይችላል።

ብሎን፣ ዳዶና ጎማ

ኮይሉ አልቆም ብሎ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ብዙ ሰው ዳዶውን ይበልጥ ያጠብቃል። ያኔ የፕላስቲክ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ከባሰ ጆሮው ይሰነጠቃል። ጥፋቱ የብሎኑ ሳይሆን የጎማው ነው። በጆሮውና በዘንጉ መሀል ሁለት የጎማ ራንዴላዎች አሉ። ኮይሉን ባለበት የሚይዘው የእነሱ ፍትጊያ ነው። ሲያልቁ ወይም በአቧራ ሲለሰልሱ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ አውጥታችሁ በሳሙና እጠቧቸው። ዘይትና ግራሶ ፈጽሞ አትቀቧቸው። ካለቁ ከመነዳሪ፣ ማለትም የመኪና ጎማ የውስጡ ላስቲክ፣ ጥሩ ምትክ ነው። ጎሚስታ ቤት የተጣለ አይጠፋም። በአሮጌው ልክ ሁለት ቁረጡ፣ መሀሉን ብሱ። ከሳሳ ሁለት ሁለት ደርቡ።

ለተሰበረው ብሎን ደግሞ የምወደው መፍትሄ አለ። የሽንት ቤት መቀመጫን ከሴራሚኩ ጋር የሚያያይዙት የፕላስቲክ ብሎኖች አሉ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኛሉ። ዳዷቸውም ፕላስቲክ ነው። የተሰበረውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱና ውፍረቱን አስተያዩ። ከረዘመ በሰጌቶ ይቆረጣል። ትንሽ ከቀጠነ ናስትሮ ጠምጥሙበት። ከወፈረ ግን የጆሮውን ቀዳዳ አታስፉ፤ ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት አሳንሱ። ሁለት ግዙና አንዱን ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ።

በረሃ ላይ ብሎን ከተበጠሰ ከደረቀ ወይራ የተጠረበ ችካል ለቀኑ ያገለግላል። ሁለቱን ጫፍ በናይሎን ክር ወጥሩ። የፕላስቲክ ዳዶም በእጅ ጥብቅ ከተደረገ ይበቃል፤ ፒንሳ አያስፈልገውም።

የተሰበረ ጆሮ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። ተቻኩሎ የሠራው ሰው ሁለቴ ነው የሚሠራው።

የተሰበረ ባልዲ በጋለ ብረት እየቀለጠ ሲያያዝ ሁላችንም አይተናል። በጋለ ምስማር በስቶ በሽቦ መስፋትም አለ። ለባልዲ ይሁን። ለኮይል ሁለቱም አይሆኑም። ሙቀቱ ሥሩ ያለውን ሙጫና ጥምጥም ያላላል፤ ሽቦው ደግሞ ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። ሱፐር ግሉም አይበቃም። ይይዛል፣ ግን ደረቅ ነው፤ በመጀመሪያው ድንጋይ ይላቀቃል።

ከማጣበቂያ ሱቅ የሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ስትገዙ በጣም ተጠንቀቁ። ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ «ስቲል» የሚል የተጻፈበት ብዙ ጊዜ ውስጡ የብረት ዱቄት አለው። አሰልቺ እስኪመስል ቢደጋገምም ልድገመው፦ ብረት አይገባም። ጥርት ያለውን፣ መስታወት የመሰለውን ምረጡ። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን 24 ሰዓት የሚፈልገውን ግዙ። ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይጠነክራል።

መጀመሪያ የፕላስቲኩን ዓይነት እንወቅ። የብዙ ኮይሎች ቅርፊት ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ጥጥ ላይ ትንሽ አሴቶን አንጠባጥቡና በማይታይ ቦታ ነካ አድርጉ። የሚያጣብቅ ከሆነ ኤቢኤስ ነው። ምንም ካልሆነ ሌላ ዓይነት ነውና የሚቀጥለውን አንቀጽ ዝለሉት፤ በቀጥታ ወደ ኤፖክሲው ሂዱ።

ለኤቢኤስ የሚሆነው ምርጥ ማጣበቂያ ራሱ ኤቢኤስ ነው። የአሮጌ ኪቦርድ ወይም የኮምፒውተር ስክሪን ቅርፊት ፈልጉ። ከውስጥ በኩል ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ዓይነት ታትሞ ይገኛል፤ «ABS» የሚለውን ምረጡ። በትንንሹ ሰባብራችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። አሴቶን እስኪሸፍነው አፍሱበት፣ ክደኑት፣ አሳድሩት። ጠዋት ማር የመሰለ ወፍራም ነገር ይጠብቃችኋል። ከቀጠነ ፕላስቲክ ጨምሩ። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ትነቱም ራስ ያዞራል። ውጭ ሥሩ፤ ከሰልም ሲጋራም አጠገቡ አይኑር።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ፦

1. ኮይሉን አውልቃችሁ እጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። የተሰበሩትን ሁለት ፊቶች በአልኮል ጥረጉ። የተሰበረው ፊት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አታሳርፉ፤ ልክክ ብሎ እንዲገጥም ሸካራነቱ ያስፈልገዋል።

2. ሳትቀቡ አንዴ ግጠሙት። የጎደለ ስባሪ ካለ አሁን እወቁ።

3. ሁለቱንም ፊት ቀቡ፣ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ድጋሚ ቀቡና ግጠሙ።

4. የጆሮው አቅጣጫ እንዳይጣመም ዘንጉን ራሱን በሁለቱ ጆሮዎች መሀል አስገቡና ብሎኑን አሳልፉ። ብሎኑንና የዘንጉን ጫፍ አስቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡ፤ አለዚያ አብረው ይጣበቃሉ። ዳዶውን ነካ ብቻ አድርጉት። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ጆሮው ከደረቀ በኋላ ዘንጉ አልገባ ይለዋል።

5. ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ተዉት። ከላይ ቶሎ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው።

ለማጠናከር ደግሞ ጋራዥ ቤት የመኪና ቦዲ የሚሠሩበትን ነጭ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ጥቂት ጠይቁ። ጥቁሩን፣ የካርቦኑን፣ አይደለም፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጆሮውንና ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሸካክሩ። ጨርቁን በ2 ጣት ስፋት ቁረጡ። ኤፖክሲውን እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ቀቡ፣ ጨርቁን አልብሱ፣ ከላይ ደግማችሁ ቀቡ። ከጆሮው ላይ ወርዶ የኮይሉ ገላ ላይ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ይረፍ፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ያ ነው። ከዘንጉ ጋር የሚነካካውን የውስጥ ፊት ግን አትሸፍኑ። ሁለት ድርብ ይበቃል። ጓንት አድርጉ።

ኤቢኤስ ካልሆነ ስባሪውን በኤፖክሲው አጣብቃችሁ በዚሁ መንገድ አልብሱት። ጆሮው ጭራሽ ጠፍቶ ከሆነ ግን ኮይሉ እንደ ሸረሪት ድር ክፍት ክፍት ያለው ከሆነ ብቻ ተስፋ አለው። ከወፍራም ፒቪሲ ቱቦ ላይ ጆሮ ቀርጻችሁ፣ በክፍተቶቹ በኩል በፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ፣ በኤፖክሲ ትደፍኑታላችሁ። የኮይሉን ገላ ግን በድሪል አትብሱ። ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከውጭ አይታይም።

ገመዱ

ቀላሉን እናስቀድም። ገመዱ ዘንጉ ላይ ላልቶ ከተወዛወዘ ራሱ ያስጮኻል። ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙና በሁለት ሦስት ቦታ በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙት። ኮይሉ ጋ ስትደርሱ ግን ኮይሉ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ የማይወጠር ያህል ላላ ያለ ቦታ ተዉ። እዚያ ወጥራችሁ ካሰራችሁት አንገቱ ላይ ይበጠሳል።

የውስጥ መበጠስን ለማወቅ ቴስተር ያስፈልጋል። ኮይሉን ነቅላችሁ ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጉ። የሶኬቱን እግሮች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ። ደህና የሆነ አንድ ጥምጥም ያለው ኮይል በጣም ትንሽ ቁጥር ይሰጣል፤ ከ1 ኦም በታች እስከ ጥቂት ኦም። የቪኤልኤፍ ተቀባይ ጥምጥም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድም ጥንድ ካልተገናኘ ቴስተሩ በሁሉም ላይ «1» ብቻ ያሳያል፤ ያ ማለት ተበጥሷል ነው። እየለካችሁ ገመዱን ወዝውዙ። ቁጥሩ ከዘለለ ቦታውን አገኛችሁት። ሶኬቱ ወይም ኮይሉ ውስጥ ቺፕ ያላቸው ማሽኖች ስላሉ በእነዚህ ላይ መለካቱ አያስተማምንም። ኮይላችሁ አሁን ደህና ከሆነ ዛሬውኑ ለኩና ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጻፉ። ከማንኛውም ሠንጠረዥ የሚበልጠው ያ ነው።

መበጠሱ ሶኬቱ አጠገብ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሶኬቱን ፍቱና የየትኛው ቀለም ሽቦ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱ። ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ገመድ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ በካውያና በሊድ መልሳችሁ በዩት። ይህን ያህል ማጠር ማሽኑን አይጎዳውም። ማስረዘም ግን አልመክርም።

መሀል ላይ ከሆነ ቅርፊቱን ገፋችሁ ሽቦዎቹን በተለያየ ከፍታ ቁረጡ፤ መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይውሉ። እያንዳንዱን ከመበየዳችሁ በፊት በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አጥልቁበት። ዙሪያውን የለበሰውን የተጠለፈ ሽቦ አትርሱ። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ድምፅ የሚከላከለው እሱ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው መበየድ አለባቸው፣ የውስጡን ሽቦዎች ግን መንካት የለባቸውም።

አንገቱ ላይ ከሆነ ከባድ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ በምላጭ ትንሽ በትንሽ ገፍታችሁ ደህና የሆነ ሽቦ ከታየ መበየድ ይቻላል። ከገላው ውስጥ ከገባ ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ስጡት። ከተሳካላችሁ አንገቱን በኤፖክሲ ሳይሆን በሲሊኮን ድፈኑት፤ እዚያ መተጣጠፍ አለበት።

ዘንግ ሲሰበር

የታችኛው ዘንግ ፕላስቲክ ወይም ፋይበር የሆነው ያለምክንያት አይደለም። በአሉሚኒየም ቱቦ አትተኩት። ቢያንስ ከኮይሉ በላይ ያለው የክንድ ያህል ርዝመት ብረት አልባ ይሁን። የቤኒሻንጉል ሰው መፍትሄው ደጁ ነው፤ የደረቀ ሽመል በልኩ ከተመረጠ ለጊዜው ከበቂ በላይ ነው። እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብሎኑ በሚያልፍበት ጫፍ ዙሪያውን ናስትሮ ወጥራችሁ ጠምጥሙና ከዚያ ብሱት።

ውሃ የገባበት ኮይል

ወንዝ ዳር ሠርታችሁ በማግስቱ ማሽኑ ካበደ ቅርፊቱ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ካገኛችሁት ወዲያው አትድፈኑት። እርጥብ እያለ መድፈን ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። ስንጥቁን ወደ ታች አዙራችሁ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ስቀሉት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት። ጸጥ ማለቱን በማሽኑ አረጋግጡ፤ ከዚያ ጥርት ባለው ኤፖክሲ ድፈኑ።

ከጥገናው በኋላ

ኤፖክሲው 24 ሰዓት፣ የኤቢኤሱ ማጣበቂያ ደግሞ ሁለት ቀን ሳይሞላው ኮይሉን መሬት አታስነኩት። ከሞላ በኋላ ከላይ ያሉትን አራት ፍተሻዎች ድገሙ፦ ዝም ብሎ፣ መታ መታ፣ ገመድ፣ መታጠፍ። ቀጥሎ አንድ የ1 ብር ሳንቲም የፕላስቲክ ወንበር ላይ አድርጉና ኮይሉን ከላይ አሳልፉ። በየ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እያላችሁ እስከ የት እንደሚሰማው ለኩ። ያንንም ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ በወሩ በዚያው ሳንቲም ድገሙት። ቁጥሩ ካልቀነሰ ጥገናው ይዟል።